ውሃ የጨመረ ሰው የለም

መኪናዬ ጋሸና መግቢያ ላይ ቀጥ ብላ ስትቆም መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። ድንጋጤው በኋላ ነው የመጣው። ገና አዲስ ናት። አባቴ "አቧራ ይከላከላል" ብለው የወንበሯን ላስቲክ ስላላስነሱኝ ተሳፋሪ በተቀመጠባት ቁጥር ትንኮሻኮሻለች። የዚያን ቀን ከላሊበላ ስነሳ ሞተሯ ደረቅ ሳል እንደያዘው ሰው ኳ ኳ ይል ነበር። ዳገቱ ላይ ጉልበት አጣች፣ ነጭ ጭስ ለቀቀች፣ ፊት ለፊቴ እስከዛሬ አይቼው የማላውቀው ቢጫ መብራት በራ። ከዚያ ተንዘፈዘፈችና ጸጥ አለች። ተሳፋሪዎቼ እየተነጫነጩ ወርደው በሌላ መኪና ሄዱ፤ እኔ ቀረሁ።

መኪናዋ ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ ናት። ለዓመታት የሰው መኪና እየነዳሁ ቱሪስት ሳመላልስ ኖሬ፣ ቱሪስቱ ሲጠፋ ደግሞ ጤፍም ሲሚንቶም ታማሚም እየጫንኩ፣ በስንት ልፋት የራሴ ያደረግኳት ናት። ከእሷ ሌላ መተዳደሪያ የለኝም። እሷ ከቆመች እኔም፣ ቤት ያሉት አባቴም ቆምን ማለት ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ሄጄ ስገዛት ከሁሉ በላይ ልቤን ያሳረፈው ዋስትናው ነበር። "የተበላሸ ነገር ካለ እኛ እንቀይራለን" አሉኝ። አንድ ነገር ብቻ አጥብቀው አስጠነቀቁኝ፤ ከእነሱ ባለሙያ በቀር ሞተሩን የነካ ሰው ካለ ዋስትናው ይቀራል።

ይህን ትእዛዝ ያወጣው ሰው ጋሸናን አያውቃትም። ጋሸና መገንጠያ ናት፤ ከወልድያ የመጣውም፣ ወደ ደብረ ታቦር የሚያልፈውም፣ ወደ ላሊበላ የሚታጠፈውም እዚያ ይቆማል። ሹፌር ደግሞ የቆመ መኪና አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። አንዱ ሲሄድ ሌላው እጅጌውን እየሰበሰበ ይወርዳል።

"ኮፈኑን ክፈችው።"

"አይቻልም።"

"ለምን?"

"ዋስትና አላት።"

"ታዲያ ዋሱ የት አለ? ይጠራና ይምጣ።"

እኔም ብሆን ይህንኑ ነበር የምጠይቀው። ዋስ ማለት በእኛ አገር ሰው ነው፤ ስሙና ቤቱ የሚታወቅ፣ ሲጠሩት ጋቢውን ደርቦ የሚመጣ። የእኔ ዋስ ስልክ ውስጥ ያለ ሙዚቃ ነበር። ሙዚቃው ሲያልቅ አንዲት ልጅ በለሰለሰ ድምፅ "ጥያቄዎ እየታየ ነው" ትለኛለች፤ ከዚያ ሙዚቃው እንደገና ይጀምራል።

እርዳታ እምቢ ማለት ስድብ እንደሆነ ያወቅኩት እዚያ ነው። አንድ ሽበታም የጭነት መኪና ሹፌር መፍቻቸውን ይዘው ወርደው "አይንኩብኝ" ስላቸው፣ መዳፋቸውን አገላብጠው አዩና "እጄ ቆሽሾብሽ ነው?" ብለውኝ ሄዱ። ተከትዬ ይቅርታ ልጠይቃቸው ብል መኪናዋን ጥዬ መሄድ ሊሆን ነው። ማንም እንዳይከፍተው ኮፈኑ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። የጋሸና ንፋስ ደግሞ ለተቀመጠ ሰው አያዝንም።

ባለሙያ ከደሴ ይላካል ተባለ። መቼ? "መንገዱ ሲከፈት።" መንገዱ በዚያ ሰሞን ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል፤ ለምን እንደሆነ ሁሉም ስለሚያውቅ የሚጠይቅ አልነበረም። አስጎትቼ ወደ ላሊበላ ልመልሳት ብል "ሳናያት ከቦታዋ እንዳትነቃነቅ" አሉኝ። ትቻት ብሄድ ደግሞ ስመለስ ጎማዋንም አላገኘውም። ወደፊት የለ፣ ወደኋላ የለ፣ መንካት የለ። እንዲህ ያለ እስር ቤት አጋጥሞኝ አያውቅም፤ በሩ ክፍት ነው፣ ጠባቂዋም እኔው ነኝ።

የቆምኩት ናፍጣ በጀሪካን የሚሸጡ አንዲት እናት ደጃፍ ነበር። መንገዱ ላይ የምንሠራ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። የላሊበላ ማደያ ሲደርቅ፣ መድረቅ ደግሞ ያበዛል፣ ከእሳቸው ነው የምንቀዳው። ባለቤታቸው የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ሲሞቱባቸው ልጆቻቸውን በዚሁ ጀሪካን አሳደጉ። በመጀመሪያው ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መጥተው እጄን ያዙኝ።

"ነይ ግቢ ልጄ። ብረቱን ብርድ አይገድለውም።"

"መኪናዬስ?"

"በመስኮት ታዪያታለሽ። አብሽሪ።"

አብሽሪ በእሳቸው አፍ አይዞሽ ማለት ነው። ለክርስቲያን እንግዳ ብለው ለብቻው ያስቀመጡት ሥጋ ነክቶት የማያውቅ ድስት ነበራቸው፤ በእሱ ሽሮ ሠሩልኝ። ከሴት ልጃቸው ጋር አንድ ፍራሽ ላይ ተኛሁ። ቀን ኮፈኑ ላይ፣ ማታ መስኮቱ ላይ፤ ስንት ቀን እንደቆየሁ መቁጠር ሰልችቶኝ ተውኩት። አባቴ ጠዋትና ማታ ይደውላሉ። "በርቺ" ይሉኛል። በምን እንደምበረታ ግን ማናችንም አናውቅም።

በመጨረሻ መንገዱ ተከፈተና ባለሙያው ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ረጋ ያለ ሰው ነው። ኮምፒውተሩን ሰክቶ አየ፣ ሞተሩን አዳመጠ፣ ከዚያ ማጣሪያውን ፈትቶ ውስጡ ያለውን ናፍጣ ወደ ብርጭቆ ጠርሙስ ገለበጠና ኮፈኑ ላይ አስቀመጠው። ቆመን አየነው። እማማም ከደጃፋቸው መጥተው አዩ። ናፍጣው ቀስ እያለ ወደ ላይ ተንሳፈፈ፤ ከሥር ጥርት ያለ ነገር ተቀመጠ።

"ውሃ ነው" አለ።

ኢንጀክተሮቹን ውሃው በልቷቸዋል አለኝ። ኢንጀክተር ምን እንደሆነ ለእኔ ማስረዳት አላስፈለገውም፤ በዓይን በማይታይ ቀዳዳ ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጨው ዕቃ ነው። ቀዳዳው በመቅጠኑ የውሃ ጠብታ እንኳ አይችልም። ሁሉም መቀየር አለባቸው። ዋጋቸውን ጠየቅኩት፤ ነገረኝ። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው ያየሁት።

"ውሃ ዋስትናው ውስጥ አይገባም" ይል ነበር ስሰማው። "ግን የገባው ባንቺ ጥፋት ካልሆነ ድርጅቱ ይቀይርልሻል። ሰልባትዮው ውስጥ ውሃ የጨመረ ሰው ይኖራል? ቤት ውስጥ?"

ሰልባትዮ የናፍጣው ማጠራቀሚያ ነው። ከእኔ ሌላ መኪናዋ አጠገብ የሚደርስ ሰው አባቴ ብቻ ናቸው፤ ከምስማሩ ላይ ቁልፉን አንስተው ጋቢናው ውስጥ ተቀምጠው ዳዊት መድገም ይወዳሉ። እዚያው ፊቱ ደወልኩላቸው።

"አባባ፣ መኪናዋ ሰልባትዮ ውስጥ ውሃ የጨመረ ሰው አለ? ናፍጣ በሚሞላበት በኩል?"

"ውሃ?"

"አዎ፣ ውሃ።"

"ካላበደ በቀር ማን ውሃ ይጨምርባታል ልጄ? በዚህ ቤት ውሃ የጨመረ ሰው የለም።"

አባቴ ቄስ ናቸው። እንኳን ሲዋሹ ሲያጋንኑ ሰምቻቸው አላውቅም። ባለሙያውም ድምፃቸውን ሰምቶ አመነ።

"እንግዲያው ከናፍጣው ጋር ነው የገባው" አለ። "መጨረሻ የቀዳሽው ከየት ነው?"

ዓይኔ ወደ ጀሪካኖቹ ሄደ። እሱም አየ። እማማም ማየቴን አዩ። ባለሙያው ድምፁን ዝቅ አድርጎ አስረዳኝ። ከማን እንደቀዳሁ ቃሌን ከሰጠሁ ኢንጀክተሮቹ ይቀየሩልኛል፤ ሻጩ ደግሞ በወረዳው ተከሶ ናፍጣው ይወረሳል። "ሰው ላይ የሚያርፍ ነገር ስለሆነ እስከ ነገ ጠዋት አስቢበት" አለኝ። ሲመሽ መንገድ ስለማይኬድ እሱም እዚያው አልጋ ያዘ።

እኔ ወዴት ልሂድ? ተመልሼ የገባሁት እማማ ቤት ነው። የሚከሰሰውም፣ የሚያስጠጋኝም፣ ሽሮ የሚያቀርብልኝም አንድ ሰው ሆነብኝ። እንጀራውን ቆርሼ አፌ ከተትኩ፤ አልወርድ አለኝ። በልቤ "ከእሳቸው ነው" የሚል ነገር ነበረ፤ ያን ይዤ ዓይናቸውን ማየት አልቻልኩም።

"ምነው፣ መዋጥ አቃተሽ?"

"ደክሞኝ ነው እማማ።"

ከፊቴ ቁጭ አሉ። "ወላሂ ውሃ ሸጬ አላውቅም። ግን ጀሪካኑ እኔ ዘንድ ከመድረሱ በፊት በማን እጅ እንዳለፈ አላውቅም። ከኔ ወጥቶ ከሆነ ሀቁን ተናገሪ። ያንቺን ሀቅ በልቼ እንቅልፍ አይወስደኝም።" ይህን ብለው ሽሮ ጨመሩልኝ። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር።

ገና እራት ሳይነሳ አባቴ ደወሉ። ቅድም የሰሙት ጥያቄ አሳስቧቸው ሊያጽናኑኝ ነው።

"አትፍሪ ልጄ። እሷ እንደ ሌላው መኪና አይደለችም፤ አትጥልሽም። ጸበል ጠጥታለች።"

"ማን?"

"መኪናዋ።"

ስልኩን ይዤ ወደ ደጅ ወጣሁ። መኪናዋን ተደገፍኩ።

"በየት በኩል ጠጣች አባባ?"

"በአፏ ነዋ። ናፍጣ በምትጠጣበት።"

ነገሩን በደስታ አስረዱኝ። መኪናዋን ገዝቼ የመጣሁ ዕለት ከአሸተን ማርያም የወረደ ጸበል በኮፈኑም በጎማውም ረጭተውላት ነበር። ያን ዕለት እኔ ደግሞ ደስ ብሎኝ ሞተሩን እየከፈትኩ ሳስተምራቸው፣ "አባባ፣ ውስጧ ኢንጀክተር የሚባል አለ፤ ናፍጣውን ልክ እርስዎ ጸበል እንደሚረጩት ይረጨዋል" ብያቸዋለሁ። በማስረዳቴ ኮርቼም ነበር። እሳቸው ነገሩን ሲያሰላስሉ ሰነበቱ። ጸበል ይረጫል፣ ይጠጣልም። "እኔ ከውጭ ብቻ ከምረጫት፣ ጠጥታ ከውስጥ ራሷ ብትረጨው ይሻላል" አሉ። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ ሲመለሱ፣ እኔ ተኝቼ፣ በፕላስቲክ የያዙትን ያጠጧት ነበር።

"ቅድም ስጠይቅዎ ለምን አልነገሩኝም?"

"ስለ ጸበል መች ጠየቅሽኝ? የጠየቅሽኝ ስለ ውሃ ነው።"

አባቴ አልዋሹም። በእሳቸው አፍ ጸበል ውሃ ተብሎ አያውቅም። ልጅ ሆኜ አንዴ "ያን ውሃ ላምጣልዎ?" ብያቸው፣ ጸበል ነው ብዬ እስክል ድረስ እጃቸውን ሳይዘረጉ ቆመው ጠብቀውኛል። ይህን እያወቅኩ "ውሃ" ብዬ ጠየቅኳቸው፤ የውሃውን መልስ ሰጡኝ።

ተናደድኩባቸው። እንዲህ ተናድጄባቸው አላውቅም፤ ኑሯችንን በፕላስቲክ እየቀዱ አፈሰሱት አልኩ በልቤ። ለእሳቸው ግን "ደህና ይደሩ አባባ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

እዚያው ቆሜ አሰብኩ። እውነቱን ብናገር መኪናዋ ቀረች፤ እሱስ ይሁን። ግን ባለሙያው ይጽፈዋል፣ ጋሸና ይሰማል፣ ጋሸና የሰማውን የላሊበላ ባጃጅ ሁሉ ከእኔ ቀድሞ ያደርሰዋል። የቄሱ ጸበል መኪና ገደለ ይባላል። ለጸበሉ አልፈራሁም፤ ጸበሉ በመኪና የሚዋረድ አይደለም። የፈራሁት ለእጃቸው ነው። ሰው የታመመ ሕፃን አቅፎ ቤታችን ሲመጣ ያ እጅ ሲዘረጋ እያየሁ ነው ያደግኩት። የልጃቸውን እንጀራ ያበላሹት እሳቸው እንደሆኑ ከሰሙ፣ ከዚያ ቀን በኋላ ያ እጅ ሳይንቀጠቀጥ አይዘረጋም። ዝም ብል ደግሞ ነገ ጠዋት የእማማ ጀሪካኖች ተጭነው ይሄዳሉ። መኪናዋን፣ አባቴን፣ እማማን፤ ማንን አስቀርቼ ማንን ላውጣ? ተመልሼ ስገባ እማማ ፍራሹን ዘርግተውልኝ ነበር።

ጠዋት ባለሙያው ጠርሙሱን ይዞ መጣ። እማማ ጀሪካኖቻቸውን ደጃፋቸው ላይ ደርድረው፣ ሻሻቸውን አስተካክለው ቆመዋል። የሚወስዷቸውን ሰዎች ይጠብቁ ነበር።

"እሺ፣ ምን ወሰንሽ?"

"እኔ ነኝ" አልኩት።

"ምኑን?"

"ውሃውን የጨመርኩት። ጨለማ ነበር፤ የውሃ ጀሪካኑ ከናፍጣው ጀሪካን ተሳስቶብኝ ነው።"

አየኝ። ቀጥሎ እማማን አየ።

"ትናንት ለምን አልነገርሽኝም?"

"አፍሬ።"

"ይህን ከጻፍኩ እኮ ምንም ላደርግልሽ አልችልም እህቴ።"

"ጻፈው።"

ጨዋ ሰው ነው፤ ደግሞ አልጠየቀኝም። ጻፈ፣ ጠርሙሱን በጨርቅ ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተና ሄደ። እስካሁን ሲያስጨንቀኝ የነበረው ነገር ሁሉ በዚያች ቅጽበት አለቀ፤ እፎይታ ግን አልመጣም። መኪናዬን በገዛ አፌ ነው የሸኘኋት።

እማማ አጠገቤ መጥተው ቆሙ። "አንቺ ናፍጣን ከሽታው የምትለዪ ሰው ነሽ። እኔን ለማዳን ዋሽተሽ ከሆነ አላህ አይወድልኝም።"

"እርስዎን ብቻ አይደለም" አልኳቸውና በጆሯቸው ነገርኳቸው።

ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አለቀሱ ብዬ ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቁ ነው። "የኔም ባል፣ ጀነት ይስጠውና፣ ሐጅ ያደረገ ሰው ያመጣለትን ዘምዘም ለመኪናው አጠጥቶ ነበር። ግን ራዲያተሩ ውስጥ ነው የጨመረው። ያንቺ አባት ቀዳዳ ተሳሳቱ እንጂ ሐሳባቸውስ ሸጋ ነው።" አብሬያቸው ሳቅኩ። መሃል ላይ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረብኝ፤ እሳቸውም አላቋረጡኝም።

ያስከፋኋቸው ሽበታም ሹፌር ከሰዓት በኋላ ተመልሰው ሲያልፉ አስቆምኳቸው።

"አሁንስ መንካት ተፈቀደ?" አሉኝ።

"አሁን ማንም ይንካት።"

ገመዳቸውን አውጥተው አሰሩና እስከ ላሊበላ ጎተቱኝ። መሪውን ይዤ ከኋላቸው ስሄድ ሞተሩ ድምፅ ስለሌለው የወንበሮቹ ላስቲክ ብቻ ይሰማኝ ነበር።

አባቴ ደጅ ላይ ነበሩ።

"ዋሱ ምን አለ?"

"አልቀይርም አለ አባባ።"

"ምን ቢል?"

"ውሃ ገብቶባታል አለ።"

ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ። ከዚያ ተነስተው ጥምጥማቸውን ማስተካከል ጀመሩ፣ መስቀላቸውን ያዙ። "ደሴ ድረስ እንሄዳለን። መስቀሌን ይዤ እመሰክራለሁ። በዚህ ቤት ውሃ የጨመረ ሰው የለም። ልጄን እንደ ሌባ አያዩዋትም። እሱ ዋስ አልሆንም ካለ የልጄ ዋስ እኔ ነኝ።" እጃቸውን ይዤ እስኪቀመጡ ድረስ ብዙ ለመንኳቸው። መንገዱ ተዘግቷል ብዬ ዋሸኋቸው፤ ክፍት ነበር።

አሁን እንደገና የሰው መኪና እነዳለሁ። የእኔዋ ግቢያችን ውስጥ ቆማለች። ኢንጀክተሮቹን አንድ በአንድ እየገዛሁ ነው፤ መቼ እንደሚሞሉ አላውቅም። የቁልፉን ነገር አስቤ ከምስማሩ ላይ አንስቼ ኪሴ ውስጥ ነው የማኖረው።

ባለፈው እሁድ አባቴ ከቅዳሴ ሲመለሱ ቀድሜ ተነስቼ ግቢው ውስጥ ቆሜ ጠበቅኳቸው። ፕላስቲኩን በነጠላቸው ሸፍነው ይዘዋል።

"ደግ ነቃሽ። ቁልፉን አምጪልኝ።"

እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር። ከአፌ የሚወጣውን እኔም አላውቀውም ነበር።

"ዛሬ ከላይ ከላይ ብቻ ይርጩላት አባባ። ታማለች፤ መዋጥ አቅቷታል።"

ታማሚ ሲመጣላቸው እንደሚያዩት ትክ ብለው አዩዋት። ምንም አልተጠራጠሩም። በመዳፋቸው ቀድተው ኮፈኑን ረጩ፣ መስታወቱን ረጩ፣ ዞረው ደግሞ እኔን ረጩኝ። ቀዝቃዛ ነበር። የተረፈውን ከድነው የፕላስቲኩን አፍ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ሰልባትዮው አጠገብ፣ ድንጋይ ላይ አስቀመጡት።

"እሺ፣ እዚሁ ይቆይላት" አሉኝ። "ሲሻላት ትጠጣለች።"